መብራት ሲመጣ የሚነሳው ቤት

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ መብራት የሚሄደው ረፋዱ ላይ ነው። የሚመለሰው ደግሞ የከሰዓቱ ሙቀት ጣሪያውን ማንጫጫት ሲጀምር። ፈረቃው ከተጀመረ ብዙ ዓመት ስለሆነው ማንም አይማረርበትም። መብራት ሲመጣ ቀድመው የሚሰሙት ሣጥኖቹ ናቸው። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው፣ መዳፍ የምታክል ሣጥን ትነቃና «መብራት መጥቷል። ሥራ እንድጀምር ይፈቅዳሉ?» ብላ ትጠይቃለች። ሰዉም ከያለበት ይመልሳል። አንዷ ፀጉሯን እየተሠራች፣ አንዱ ካርታ እየመታ፣ ሌላው ከእንቅልፉ ሳይነቃ፣ «እፈቅዳለሁ» ይላል። ከዚያ ፓምፑ ይነሳል፣ ፍሪጁ ያጉረመርማል፣ ቬንትሌተሩ ይዞራል።

ያንን ቃል አንድ የከዚራ ሰው በቀን ስንቴ እንደሚለው ራሱም አያውቀውም። ለበሩ ይላል፤ ለምድጃው ይላል፤ ለአውቶቡሱ ወንበር ይላል። ሕፃናት አፋቸውን ሲፈቱ ከ«እማዬ» ቀጥሎ የሚለምዱት እሱን ነው።

የሶልያና እንጀራ ራሱ ይኸው ቃል ነበር። በጂቡቲ መስመር የጭነት ባቡር ላይ ትሠራለች። ባቡሩ የሚነዳው ራሱን ነው፤ ግን በየጣቢያው ቆሞ «እንድቀጥል ይፈቅዳሉ?» ይላል፤ ሰው ደግሞ መመለስ አለበት። ሶልያና ትመልሳለች። አንዴ ከወጣች ተመልሳ እቤቷ የምትገባው ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ከሥራዋ ውጪ ብዙም የማትናገር፣ ፈርጠም ያለች፣ ስልሳ ዓመት የተጠጋት ሴት ናት።

ባሏ ናሆም ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የሰፈር እግር ኳስ ዳኛ። ስትሮክ የመታው ባለፈው ዓመት ዝናቡ ሳይገባ ነው። ቀኝ እግሩ እየተጎተተም ቢሆን ተመለሰለት። ቀኝ እጁም ብርጭቆ ለመያዝ ያህል ተመለሰ። ንግግሩ ግን አልተመለሰም። ሐኪሟ ለሶልያና ስትነግራት፣ «ሰው የሚለውን ይሰማል፣ ይገባዋልም። ሐሳቡም እንዳለ ነው። የጠፋው ሐሳቡ ወደ አፉ የሚወጣበት መንገድ ነው» አለቻት።

ከሚያውቃቸው ቃላት ሁሉ የተረፈለት አንድ ብቻ ነበር፤ «ነገ»። ውሃ ሲጠማው «ነገ» ይላል። ሲናደድ «ነገ!» ይላል። ሶልያና ግንባሩን ስትስመው ዓይኑን ጨፍኖ «ነገ» ይላታል። የቀረውን በእጁ ነበር የሚናገረው። ሾርባው ጨው ሲያጣ ከደረት ኪሱ የሌለ ቢጫ ካርድ መዝዞ ያሳያታል።

ሣጥኗ የምትቀበላቸው መልሶች «እፈቅዳለሁ»፣ «አልፈቅድም» እና «ነገ» ናቸው። የመጨረሻው መልስ መጠየቅ ለሰለቸው ሰው የተተወ ማምለጫ ነው።

«መብራት መጥቷል። ሥራ እንድጀምር ይፈቅዳሉ?»

«ነገ።»

«እሺ፣ ነገ እጠይቃለሁ። መልካም ቀን።»

ቤቱም ጸጥ እንዳለ ይውላል።

ሶልያና ቤት ስትሆን ችግር የለም፤ ሁለተኛ ባለቤት ስለሆነች የእሷ ድምፅ ይሠራል። ባቡር ላይ ስትሆን ግን በስልክ ልትፈቅድለት አትችልም። ከሩቅ የተሰጠ ፈቃድ ፈቃድ አይባልም። ጎረቤት ገብቶ ቢናገርም ሣጥኗ የባለቤቱን ድምፅ እንጂ የሌላ ሰው አታውቅም። ስለዚህ ናሆም ከሰዓቱን ሁሉ በረንዳ ላይ፣ የኒም ዛፏ ጥላ በሚደርስበት ጥግ፣ ሸሚዙን አውልቆ ይቀመጣል። አንድ ቀን ሶልያና ከጂቡቲ ስትመለስ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ ፍሪጅ ውስጥ መቀዝቀዝ ያለበት የመድኃኒት መርፌው ሞቆ አገኘችው። እሱ እሷን ሲያይ ፈገግ አለና ወደ ቤቱ ዞሮ ቀይ ካርድ አወጣ። ሶልያና ግን አልሳቀችም። ገብታ ሣጥኗ ፊት ቆመችና «እፈቅዳለሁ!» ብላ ጮኸች።

«አመሰግናለሁ» አለች ሣጥኗ።

አንድ ነገር ሞክረው ነበር። ናሆም ከዓመታት በፊት የዋንጫ ጨዋታ ዳኝቶ ለአካባቢው ሬዲዮ የሰጠውን ቃለ ምልልስ ሶልያና ስልኳ ላይ አስቀርታዋለች። ጋዜጠኛው ያቺን ፍጹም ቅጣት ምት ለምን እንደሰጠ ሲጠይቀው፣ ናሆም በዚያ ወፍራም ድምፁ፣ «አቦ፣ ያየሁትን ነው የፈረድኩት! ማንም ቅር ቢለው እኔ እፈቅዳለሁ፣ ይቀየመኝ» ይላል። «እፈቅዳለሁ» የሚለውን ብቻ ቆርጣ አወጣችና መብራት ሲመጣ ስልኩን ከሣጥኗ ፊት ያዘችው።

«እፈቅዳለሁ» አለ የድሮው ናሆም።

«ይህ የተቀዳ ድምፅ ነው» አለች ሣጥኗ። «ሕያው ድምፅ እጠብቃለሁ።»

ናሆም ስልኩን ከእጇ ወስዶ ቃለ ምልልሱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማው። ደግሞ ሰማው። ከዚያ ስልኩን መለሰላትና ወደ በረንዳው ወጣ። ሶልያና ዳግመኛ አልሞከረችውም።

ብዙ «ነገ» ያለበት ቤት ራሱን ያሳብቃል። ከፈቃድ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት አንዲት ሠራተኛ መጣች። ወይዘሮ ሀያት ትባላለች። ለስለስ ያለች፣ ጫማዋን በር ላይ ያወለቀች፣ የቀረበላትን ውሃ አመስግና የጠጣች ሴት ናት። ናሆም ፊት ለፊት ተቀምጣ በትሕትና ጠየቀችው።

«ጋሽ ናሆም፣ ይህ ቤት የእርስዎ ነው?»

«ነገ» አለ ናሆም፣ ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች እየነቀነቀ።

«ባለቤትዎ ሶልያና ናቸው?»

«ነገ።»

ሀያት በእጇ ወደያዘችው ሰሌዳ አየች። ሰሌዳው ሁሉንም ነገር «ለነገ የተላለፈ» ብሎ ይዞታል። የራስ ንቅናቄ የሚገባበት ቦታ የለውም።

«የሚገባቸው ነገር እንዳለ አያለሁ» አለች ወደ ሶልያና ዞራ። «እኔ ማየቴ ግን በቂ አይደለም። መፍቀድ የማይችል ሰው ብቻውን ቤት ውስጥ ሊተው አይችልም። ያለው መንገድ ሞግዚትነት ነው። እርስዎ ሞግዚት ይሆኑና ሁሉም ነገር እርስዎን ይጠይቃል። ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ አውቶቡሱም። እርስዎ ሥራ ሲሄዱ ደግሞ ቀን ቀን ማዋያ ማዕከል ይወስዷቸዋል። ንጹሕ ቦታ ነው፤ ቀዝቃዛ ነው።»

«እሱንስ ማን ይጠይቀዋል?» አለች ሶልያና።

«የሚጠይቃቸው አይኖርም» አለች ሀያት። «በሞግዚት ሥር ያለ ሰው አይጠየቅም።» ወሩ መጨረሻ ላይ ለውሳኔ እንደምትመለስ ነግራቸው ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

እውነቱን ለመናገር ሶልያና በዚያ ምሽት ልቧ አረፈ። ደክሟት ነበር። ባቡር ላይ ሆና በየጣቢያው ያን ቃል ስትል ልቧ በረንዳው ላይ ነበር። አንድ ጣት አሳርፋ ብትፈርም ናሆም ቀዝቃዛ ቦታ ይውላል፣ መርፌውም አይሞቅም። ስልኳ ላይ የተላከላትን የሞግዚትነት ውል ከፈተችና አውራ ጣቷን አነሳች።

ናሆም እጇን ያዘው።

«ነገ» አለ።

«ናሆሜ፣ ልቀቀኝ። ለአንተ ብዬ ነው።»

«ነገ!»

«እና ምን ላድርግ? ሥራዬን ልተው? እዚህ ቁጭ ብዬ ሣጥን ላናግር? እኔ'ኮ ባዳ አይደለሁም! እኔ ባልፈቅድልህ ማን ይፈቅድልሃል?»

ናሆም እጇን ለቀቀ። ደረቱን በጣቱ ነካ፤ ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሶልያና መብራቱን አጥፍታ ተኛች፤ ውሉን ግን አልፈረመችውም። ክሊኒክ ሲሄዱ ሐኪሟ ናሆምን «እንዴት ዋልክ?» ስትለው ማን እንደሚመልስ አሰበች። እሷ ነበረች። ሱቅ ሲገቡ፣ ጎረቤት ሲመጣ፣ ልጃቸው ከሐዋሳ ስትደውል፣ ናሆም አፉን ከመክፈቱ በፊት ዓረፍተ ነገሩን የምትጨርስለት እሷ ነበረች።

ጠዋት ስትነሳ ናሆም ለብሶ በር ላይ ቆሟል። ግራ እጁ ላይ ፌስታል አንጠልጥሏል። ፌስታሉ ውስጥ ከግድግዳው የተነቀለችው ሣጥን አለች።

«የት ልትጥላት ነው?» አለችው ደንግጣ።

ራሱን በአሉታ ነቀነቀና በከዘራው ወደ ገበያው አመለከተ።

ታይዋን ገበያ ውስጥ፣ ከሽቶ ሻጮቹ ጀርባ፣ ሣጥን የምትጠግን ኢምቲሳል የምትባል ሴት አለች። ናሆምን ስታይ ከተቀመጠችበት ተነስታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «አቦ! ይሄ ሰውዬ አይደል እንዴ ልጅ ሆኜ ቀይ ካርድ የሰጠኝ!» ብላ ሳቀችና አቀፈችው። በእሱ ትምህርት ቤት የሴቶች ቡድን ውስጥ ተጫውታለች። ስለ ስትሮኩ ሰምታለች። ሶልያና ሁሉንም ነገር ነገረቻት፤ ስለ «ነገ»፣ ስለ በረንዳው፣ ስለ ሞግዚትነቱ።

ኢምቲሳል የሣጥኗን ክዳን ከፍታ እስክሪንና ኪቦርድ አያያዘችላት። «እዩአት» አለች። «ሰዉ ይፈራታል እንጂ ሊኑክስ በሚባል የድሮ ሥርዓት የምትሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ናት። አያቶቻችንም ይህችኑ ነበር የሚነካኩት። መብራት ሲመጣ ትነሳለች። ከተነሳች በኋላ የታዘዘችውን በተራ በተራ ታከናውናለች። ያ ጥያቄ መጨረሻ አካባቢ የሚመጣ አንድ ሥራ ነው፤ ከዚያ በላይ አይደለም። ከእሱ በፊት ግን ለባለቤቱ የተተወ ቦታ አለ። ባለቤቱ እዚያ ቦታ ላይ ‹ስትነሺ ይህን አድርጊ› ብሎ ከጻፈ ታደርገዋለች። ሥራው ተጀምሮ ካገኘችው ደግሞ አትጠይቅም። ቦታው ድሮም ነበር፣ አሁንም አለ። የሚጠቀምበት ጠፍቶ ነው።»

«ወንጀል አይሆንም?» አለች ሶልያና።

«ባለቤቱ በገዛ እጁ ከጻፈው የማን ፈቃድ ሊባል ነው? የእሱ ነዋ። እኔ ከጻፍኩለት ግን የእኔ ነው፤ ያኔ እኔም አንቺም ማረፊያ ቤት እንተያያለን።»

«እሱ'ኮ መጻፍም አይችልም፣ ኢምቲሳል። ስሙን እንኳን...»

ኢምቲሳል ሶልያናን ትታ ወደ ናሆም ዞረች። «ጋሼ፣ ትሞክራለህ?»

«ነገ» አለ ናሆም፤ ወንበሩንም ወደ ኪቦርዱ ሳበ።

ትዕዛዟ አጭር ናት፤ በላቲን ፊደል የምትጻፍ አንድ መስመር። ኢምቲሳል በትልቁ ጽፋ ፊቱ አቆመችለት። ማን እየጻፈ እንደሆነ ለማወቅ ሣጥኗ የባለቤቱን አሻራ ከኪቦርዱ ላይ ታነባለች። ናሆም በግራ እጁ አመልካች ጣት ጀመረ። የመጀመሪያዋን ፊደል ፈልጎ አገኛት። ሁለተኛዋን ዘለላት። ሦስተኛዋን ሁለት ጊዜ መታት። ሲጨርስ እስክሪኑ «ትዕዛዙ አልታወቀም» አለ። አጥፍቶ እንደገና ጀመረ። «ትዕዛዙ አልታወቀም።»

ሶልያና ከኋላው ቆማ መቋቋም አቃታት። «ቀጥሎ ያቺ ናት፣ ያቺ ሆዷ ክብ የሆነችው፣ እዚህ ጋ...»

ናሆም መዳፉን አነሳ። ሜዳ ላይ ተጫዋች ሲከበው እንደሚያደርገው፣ ዞር ሳይል።

«እትዬ» አለች ኢምቲሳል በዝግታ፣ «ሂጂና ሻይ ጠጪ።»

ሶልያና ከሱቁ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ተቀምጣ አየችው። ስትፈራ የነበረው እንዳይናደድ ነው። ናሆም ግን አልተናደደም። ሰው ፊት ቃል ሲጠፋበት ፊቱ ይቀላ፣ ግንባሩ ያልበው ነበር፤ ሰዉ ሁሉ አፉን እያየ ስለሚጠብቅ፣ አንዳንዱም ስለሚያዝን። እስክሪኑ አያዝንም። አይቸኩልም። የሚለውን አይገምትለትም። ሲሳሳት ያንኑ አንድ መስመር ይመልስለታል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ናሆም ትከሻው ወርዶ፣ አገጩ ተዝናንቶ ነበር የሚጽፈው። ሶልያና እንዲያ ሆኖ ያየችው ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሻይዋ ቀዘቀዘ።

ከባቡር በወረደች ቁጥር ሱቁ ድረስ ትሸኘው ጀመር፤ እሷ በሌለችባቸው ቀናት ብቻውን እየተጎተተ ይሄዳል። የአማርኛ ፊደል ሲያይ አሁንም ይምታታበታል፤ እያንዳንዷ ፊደል የሆነ ቃል እየቀሰቀሰች ቃሉ ይጠፋበታል። የላቲኖቹ ግን ለእሱ ዝም ብለው ቅርጽ ናቸው። ቅርጽ መገልበጥ ይችላል። አንድ ከሰዓት እስክሪኑ የተለመደውን ስድብ ሳይሰድበው ቀረ። የኢምቲሳል ቬንትሌተር ገጭ ብሎ ዞረ። ኢምቲሳል እልል አለች፤ ሽቶ ሻጮቹ ጎል የገባ መስሏቸው መጡ።

ሣጥኗን ግድግዳው ላይ መለሷት። በማግስቱ ሶልያና ሥራ አልነበራትም። ሁለቱም ሳሎን ተቀምጠው መብራት ጠበቁ። መጣ። ሣጥኗ ነቃች። ቬንትሌተሩ ንቅንቅ አላለም።

«መብራት መጥቷል። ሥራ እንድጀምር ይፈቅዳሉ?»

ናሆም ወለሉን አየ። ሶልያና ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው። በሙቀቱ ውስጥ ከጎኑ ተቀመጠች። ሣጥኗ ደጋግማ ጠየቀች። በመጨረሻ ናሆም ራሱ በክንዱ ገፋ አደረጋትና ወደ ግድግዳው አመለከታት። «እፈቅዳለሁ» አለች በሹክሹክታ፤ ቃሉ አፏ ውስጥ መረራት።

ኢምቲሳል ስትሰማ ግንባሯን መታች። «የእኔ ጥፋት ነው! እዚህ የሠራው ሁሉም ነገር ነቅቶ ስለነበር ነው። እቤት ግን መብራት ሲመጣ ሁሉም እኩል አይነሳም። ትዕዛዝህ ቸኩላለች ጋሼ። ቬንትሌተሩና ፓምፑ ገና ዓይናቸውን ሳይገልጡ ነው ያዘዘቻቸው። የሚሰማት አጥታ ሞተች። ትንሽ ጠብቂ በላት።» ከትዕዛዟ በፊት የምትገባ አንዲት ቃልና ቁጥር ጻፈችለት። ናሆም መስመሩን ከፈተ፣ ቦታዋን ፈልጎ አስገባት። በዚያን ቀን ሶልያናን ሻይ ጠጪ ያላት የለም፤ ራሷ ወጣች።

ሀያት ለውሳኔ የመጣችው ወሩ ሊያልቅ ሲል ነው። መብራት ገና አልመጣም ነበር። ሶልያና ምንም አልነገረቻትም፤ ውሃ ሰጠቻት። መብራት መጣ። ሣጥኗ ላይ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ በራች። ጸጥታ ሆነ። ሀያት ጥያቄውን ትጠብቅ ነበር። ከጥያቄው ይልቅ ፓምፑ ጓሮ ውስጥ አጓራ። ፍሪጁ ተንቀጠቀጠ። ቬንትሌተሩ ከራሷ በላይ መዞር ጀመረ፤ ሻሿን አውለበለበው።

ሀያት ቀና ብላ አየችው። «ማን ፈቀደ?»

«እሱ» አለች ሶልያና።

«ሲናገሩ አልሰማሁም።»

«አልተናገረም። ጽፎት ነው። ስትነሺ ይህን አድርጊ ብሎ ጽፎላታል።»

ሀያት ተነስታ ሰሌዳዋን ሣጥኗ ላይ አስጠጋች። አነበበች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ይልቅ ፍርሃት ቢጤ ነበር፤ የመሥሪያ ቤት ሰዎች የሚያውቁት መንገድ ሲጠፋባቸው የሚመጣው ዓይነት። «ሌላ ሰው ጽፎት የእሳቸውን ጣት አስነክቶ ቢሆንስ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ ነው የማየው። አባቶቻቸውን ተኝተው ሳለ ጣታቸውን የሚያስነኩ አሉ። ይህ ሁሉ ጥያቄ የመጣው'ኮ በዚያ ምክንያት ነው።»

ሶልያና ልትመልስ ስትል ናሆም ተነሳ። ከመሳቢያው ኢምቲሳል ያዋሰችውን ኪቦርድና ትንሽ እስክሪን አወጣ፣ ከሣጥኗ ጋር አያያዛቸው፣ እስክሪኑን ጠረጴዛው ላይ አቆመ። መስመሩን ከፈተ። ከዚያ መስመሩን በሙሉ አጠፋው። የብዙ ቀን ድካም ነበር። ባዶ እስክሪን ላይ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። የሚገለበጥለት ጽሑፍ ፊቱ የለም። ኢምቲሳልም የለችም።

መጻፍ ጀመረ።

ጊዜ ወሰደ። ሀያት ቁጭ አለች፣ ተነሳች፣ ደግማ ቁጭ አለች። አንድ ፊደል ላይ ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ከኪቦርዱ ግራ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ተመለሰ። አፉ ተንቀሳቀሰ። ሀያት አልቻለችም፤ ዘንበል ብላ «ምናልባት ይህቺ...» አለች።

ናሆም መዳፉን አነሳ።

«ይጠብቁት» አለች ሶልያና። ድምፅዋ ጸጥ ያለ ነበር። «እኔም ተምሬ ነው።»

ሀያት እጆቿን ጭኗ ላይ ሰብስባ ጠበቀች። ናሆም ፊደሏን አገኛት። መታት። ጨረሰ። ከዘራውን ይዞ ቆጣሪው ድረስ ሄደና ማብሪያ ማጥፊያውን ቁልቁል ጎተተው። ቤቱ ጸጥ አለ። መልሶ ወደ ላይ ገፋው። አረንጓዴዋ ነጥብ በራች። ሦስቱም ቆመው ቬንትሌተሩን አዩ። አልዞረም። ሀያት ወደ ሰሌዳዋ ዓይኗን ልትመልስ ስትል ፓምፑ ጓሮ ውስጥ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከእሱም ቀጥሎ ቬንትሌተሩ በዝግታ፣ ከዚያም በፍጥነት ዞረ።

ናሆም ማንንም አላየም። ወደ ወንበሩ ሄዶ ተቀመጠና ፊቱን ለነፋሱ ሰጠ።

ሀያት ለረጅም ጊዜ ሰሌዳዋን ስትነካካ ቆየች። «የድምፅ ቦታ አለ» አለች። «ካልሞላሁት አያልፍልኝም።» ደግማ ነካካች። «‹አልተሰማም› ብዬዋለሁ። ከሥሩ ደግሞ ‹ባለቤቱ ሲፈቅዱ አይቻለሁ› ብዬ ፈርሜያለሁ። ሞግዚት አያስፈልጋቸውም ብያለሁ። ወደ ላይ ይሄዳል። ምን እንደሚሉ አላውቅም።» ወደ ናሆም ዞረች። «ጋሽ ናሆም፣ ልሂድ?»

ናሆም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀላት። በዚህ ጊዜ ሰሌዳዋን ሳታይ ጫማዋን አደረገች።

ከላይ እስካሁን መልስ አልመጣም። ሌላ ሰውም አልመጣም። ቤቱ በየቀኑ ይነሳል። ኢምቲሳል አንዳንድ ሰዎች በፌስታል ሣጥን ይዘው እየመጡ እንደሆነ ትናገራለች፤ ጉሮሮው የተቀደደ ሽማግሌ፣ መስማትና መናገር የማትችል አንዲት ልብስ ሰፊ። ማስተማሩን ለናሆም ሰጥታዋለች። እሱ ሲያስተምር አይናገርምና ተማሪዎቹ አይቸኩሉም ትላለች።

ለጥቂት ሳምንት በአጭር መስመር ስትሠራ የቆየችው ሶልያና ወደ ረጅሙ የጂቡቲ መስመር የተመለሰችው ዝናብ ካበቃ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቀን ከበደባት። ባቡሩ አሊሳቢህ ጣቢያ ቆሞ «እንድቀጥል ይፈቅዳሉ?» ሲላት መብራት ከዚራ የሚመጣበት ሰዓት ነበር። «እፈቅዳለሁ» ብላ ከመጨረሷ ስልኳ ጮኸ። ከቤት ነው። ከፈተችው።

በአማርኛ፣ አንዲት ቃል ነበረች። «ተነሳሁ።»

ዓይኗን ሳትነቅል ቃሏን አየቻት። ኢምቲሳል ጋ ደወለች። «እኔ የለሁበትም» አለች ኢምቲሳል፤ ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበር። «ቤቱ ሲነሳ መልእክት እንዴት እንደሚላክ አሳዪኝ ብሎ በእጁ ጠየቀኝ፤ አሳየሁት። ቃሉን ግን ከየት እንዳመጣት አላውቅም። ሳምንት ሙሉ ሱቁ ጥግ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር የተቀመጠው። የአማርኛውን ፊደል በእርሳስ ግድግዳ ላይ እየሳለ።»

የተነሳው ቤቱ ይሁን ናሆም፣ ሶልያና አልጠየቀችም። ባቡሩ ወደ ወደቡ ሲወርድ፣ መስኮቱን ከፍታ የጨው ሽታ ያለው ንፋስ ፊቷን ሲመታው፣ ቃሏን እየደጋገመች አየቻት። እሷን የጻፈች ጣት ስንት ጊዜ እንደተሳሳተች አሰበች። ያን ሁሉ ስሕተት እሷ አላየችም፤ አላረመችም፤ ከአፉ አልነጠቀችም።

በማግስቱ ጂቡቲ ወደብ ላይ ጭነት ሲራገፍ፣ የባቡሩን ሰነድ ለማስረከብ ተሰልፋ ሳለች፣ መብራት ከዚራ መጣ። ስልኳ ጮኸ። ስትከፍተው ያቺው ቃል ናት፤ ከአጠገቧ ግን አዲስ ነገር ተጨምሯል፤ ፊደሎቹ ተምታተው።

«ተነሳሁ። አሣ አምች።»

ሶልያና ሳቀች። ከኋላዋ የተሰለፈው ሶማሌ ሾፌር ምን ሆነሽ ሲላት ሳቁ አላናግር አላት። ሐኪሟ የከለከለችው ነገር ብዙ ነው፤ እሷም በዚህ ዓመት ሁሉ ምን እንደሚበላ ራሷ ስትወስን ቆይታለች፤ ምን አማረህ ብላ የጠየቀችበትን ቀን ማስታወስ አልቻለችም። ሰነዱን አስረከበች። ባቡሩ እስኪነሳ ጊዜ ነበራት። ዓሣ ሻጮቹ ወዳሉበት የባሕር ዳር በፍጥነት ሄደች፤ ትልቁን፣ ዓይኑ የጠራውን መረጠች፤ በረዶ እንዲጨምሩበት አዘዘች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ አንድ ጥያቄ ጻፈችለትና ላከች።

«ይጠበስ ወይስ ይቀቀል?»

መልሱን ለመጠበቅ ጥላ ሥር ተቀመጠች። ጊዜ እንደሚወስድ ታውቃለች።